ደስ እያለው የሚከፋው አልበም፦ የቀረፃ ማስታወሻ

ሳምንት 1

አምስት ነን። ድምፃዊት፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ እኔ ደግሞ ጊታር። ቀረፃውም እኔ ላይ ነው የወደቀው፣ ሌላ ምክንያት የለውም ላፕቶፑ የኔ ስለሆነ ነው። ይሄን የምፅፈው ያለፈውን ስራ ስንሰራ ምን እንዳደረግን ማንም ስላላስታወሰ ነው፣ አንድ ቆንጆ የጊታር ድምፅ አግኝተን ነበር እስከ ዛሬ እንዴት እንደመጣ አናውቅም።

ቤዚስታችን ሊሄድ ነው። ለስራ፣ ሩቅ፣ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም። አራት ሳምንት አለን። ዘፈኖቹ ከዚህ ወሬ በፊት ነው የተፃፉት ግን አሁን ስንጫወታቸው ሁሉም ስለሱ የተፃፉ ነው የሚመስሉት፣ ይሄ ነገር ጥሩ ይሁን መጥፎ ገና አልገባኝም።

ያለን ዕቃ፦ ማይክና መሳሪያ ከላፕቶፑ ጋ የሚያገናኝ ሁለት ኢንፑት ያለው ኢንተርፌስ፣ አንድ ሹር ኤስኤም 57 ማይክ፣ አንድ የተዋስነው ኮንደንሰር ማይክ፣ አንድ ጆሮው የተላጠ ሄድፎን። ሴሽኑን (የቀረፃውን ፋይል) በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 48,000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና)፣ በ24 ቢት ከፈትኩት። ገንዘባችንን አስር ቦታ ብንከፍለው ሶስቱ ለድራም ክፍል ኪራይ፣ ሁለቱ ለክርና ለኬብል፣ አራቱ ለማስተሪንግ (ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ)፣ አንዱ መጠባበቂያ። አስራ አራት ዘፈን ነበር፣ አስር አስቀረን። ከወደቁት አራቱ ሶስቱ የኔ ናቸው፣ ይመዝገብልኝ።

ሳምንት 2፣ ድራም

ትልቁን ስህተት መጀመሪያ ልፃፈው። ዘፈኖቹ ሀዘን ስላለባቸው ቀስ ይበሉ ተባባልንና ክሊኩን (ሄድፎን ላይ ምት የሚቆጥረውን) በደቂቃ 104 ምት (ቢፒኤም) ላይ አድርገን ሁለት ቀን ሙሉ አምስት ዘፈን ቀረፅን። ቤት ሄጄ ሰማሁት። ድራመሩ አንድም ቦታ አልሳተም ግን ዘፈኑ አይራመድም፣ ሰው ቀብር ሲሸኝ የሚሄደው አካሄድ ነው የሚሄደው። ከዛ ልምምድ ላይ በስልክ የቀረፅነውን ቪዲዮ አውጥቼ ቴምፖውን ቆጠርኩት፣ 118 ነው። በቢፒኤም 14 ነው ልዩነቱ፣ ብዙ አይመስልም፣ ግን 118ቱ ላይ እግርህ ሳታዘው ይመታል፣ 104ቱ ላይ ተቀምጠህ ታስባለህ። እኛ የምንፈልገው ሰውዬው እግሩ እየመታ ግጥሙ ዘግይቶ እንዲደርስበት ነበር እኮ።

ክፍሉን ድጋሚ መከራየት ነበረብን፣ ከማስተሪንጉ ድርሻ አንዱን በላ።

ሁለተኛው ችግር ፌዝ (phase) ነው፣ ሁለት ማይክ አንዱን ድምፅ በተለያየ ጊዜ ሲይዙት እርስ በርስ መበላላታቸው። ሁለት ኢንፑት ብቻ ስላለን ኮንደንሰሩን ከድራመሩ ራስ በላይ ሰቀልነው፣ 57ቱን ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) አጠገብ አስቀመጥነው። ለየብቻ ሲሰሙ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አብረው ሲከፈቱ ግን ኪኩ ሆድ የለውም፣ ካርቶን እንደመምታት ቱክ ቱክ ይላል። መጀመሪያ ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛው) ላይ ስታገል አንድ ምሽት አቃጠልኩ። ነገሩ ግን የርቀት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፣ የላይኛው ማይክ ከታችኛው አንድ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ያው የኪክ ምት እሱ ጋ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 170 ኸርዝ አካባቢ ያለውን እርስ በርስ ይበላሉ። ፖላሪቲ ገለበጥኩ (የአንዱን ትራክ ሞገድ ላዩን ታች አደረግኩ)፣ ኪኩ ተመለሰ ስኔሩ (ትንሹ ጯሂ ከበሮ) ጠፋ። በመጨረሻ የላይኛውን ትራክ 140 ሳምፕል ቀደም እንዲል ሳብኩት፣ ስኔሩ ትንሽ ቀጠነ ግን ሁለቱም አሉ። በአይን አይደለም የወሰንኩት፣ ዌቭፎርሙን ካሰለፍኩት በኋላ አይኔን ጨፍኜ ወዲያና ወዲህ እየገፋሁ ነው።

ቀረፃው ላይ ቤዚስታው ሄድፎን አድርጎ ድራመሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጋይድ (ለድራመሩ መከተያ) ይጫወት ነበር። እየቆጠረ፣ እያጉረመረመ፣ አንዳንዴ እየሳቀ። የላይኛው ማይክ ላይ ድምፁ ገብቷል። ተናደድኩ፣ ዝም በል ብዬው ነበር። በሚክስ ጊዜ (ትራኮቹን ሳዋህድ) ቆርጬ አወጣዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ሳምንት 3 እና 4፣ ቤዝ

ቀጥታ ኢንተርፌሱ ላይ ሰካነው፣ አምፕ የለም። ወዲያው እምምምም የሚል ድምፅ። ኬብል ቀየርን፣ አለ። ቤዙን ቀየርን፣ አለ። የክፍሉን አምፖል አጠፋን፣ አለ። ሁለት ሰዓት ከፈጀን በኋላ ኪቦርዲስቱ የላፕቶፑን ቻርጀር ሲነቅለው ፀጥ! በቻርጀሩ በኩል ነበር ሃሙ የሚገባው። ችግሩ የላፕቶፔ ባትሪ 40 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ስለዚህ የአልበሙ ቤዝ በሙሉ በ40 በ40 ደቂቃ ነው የተቀረፀው፣ ቻርጅ እስኪያደርግ እየጠበቅን፣ በመሀል ወሬ። አሁን ሳስበው ያ ወሬ ነው ከሁሉም የተመቸኝ፣ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት መሆናቸውን ማንም አላነሳም።

ዘፈን 5 ላይ ቤዙ ከታች ልክ ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ከኪቦርዱ ጋ ይጣላል። ቱነሩ ባዶውን ክር ልክ ነው ይላል፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫን ግን ወደ ሻርፕ ይሄዳል። ይሄ ኢንቶኔሽን ነው። ብሪጁ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ እያዞርን ሳድሉን (ክሩ የሚያርፍበትን) ከአንገቱ አራቅነው፣ ክሩን መልሶ መቃኘት፣ መለካት፣ እንደገና። ለአራት ክር አንድ ሰዓት። ቀረፃ ሳንጀምር ብናደርገው ኖሮ አራት ዘፈን ባልተደገመ። አዲስ ክር ስንገዛም ድምፁ ከመጠን በላይ አበራ፣ አሮጌውን መልሰን አሰርነው። ያ ገንዘብ በከንቱ ሄደ።

የመጨረሻው ቀን ዘፈን 10ን በአንድ ቴክ (በአንድ ቀረፃ) ጨረሰው። ጃኩን ነቀለ፣ ኬብሉን ጠቅልሎ (ሁልጊዜ ክንዱ ላይ ነው የሚጠቀልለው፣ ኬብል ይበጠሳል ብለን ስንት ጊዜ ነግረነዋል) ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ባትሪህ 6 ፐርሰንት ነው" አለኝ። በቃ ሌላ ንግግር አልነበረም።

ሳምንት 5፣ ጊታር

ይሄ የኔ ክፍል ነው ስለዚህ ይረዝማል።

የምፈልገው ያ የሚንቆረቆር የኢንዲ ፖፕ ጊታር ነው፣ ኮርዱን በአንዴ ከመምታት ይልቅ ክር በክር እየነካኩ፣ ንፁህ ድምፅ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ኮረስ (ድምፁን የሚያወዛውዝ ኢፌክት)። ባለ 12 ክር ጊታር ቢኖረን ያልቅ ነበር፣ የለንም። ናሽቪል ቱኒንግ የሚባለውን ሞከርን፦ ከወፍራሞቹ አራቱ ክሮች ማለትም ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ወጥተው በቦታቸው አንድ ኦክታቭ ከፍ የሚሉ ቀጫጭን ክሮች ይታሰራሉ፣ ቢና ላይኛዋ ኢ እንዳሉ ይቆያሉ። ከተራው ጊታር ጋ ደራርበህ ስትቀርፀው ባለ 12 ክር ይመስላል።

የመጀመሪያዋ ጂ ስትቃኝ ተበጠሰች። ሁለተኛዋም። ሁለተኛዋ ጉንጬን ነው የገረፈችኝ፣ ቀይ መስመር ሰርታ ሁለት ቀን ቆየች። ስህተቱ የኔ ነው፣ ተራው የጊታር ክር ጥቅል ውስጥ ያለችውን ቀጭኗን ባለ 010 (ውፍረቷ 0.010 ኢንች) ክር ነው ያሰርኩት፣ እሷ ደግሞ ለኢ የተሰራች ናት፣ ጂ ከዛ ሶስት ሰሚቶን ትበልጣለች። ባለ 008 አግኝቼ ሰራ፣ እሷንም ፊቴን አዙሬ ነው የቃኘኋት።

ውጤቱ በጣም አማረ። በጣም ስላማረ ዘጠኝ ዘፈን ላይ አደረግኩት። ድምፃዊቷ ሰምታ "ሁሉም አንድ ዘፈን ሆነ" አለች። ተናድጄ ሁለት ቀን አልደወልኩላትም፣ ከዛ ስሰማው ልክ ናት። አራት ላይ ቀረ።

ሳምንት 6፣ ኮርድ

ጊታር ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ኪቦርዲስቱ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ቆጠረ፦ ከአስሩ ዘፈን ስድስቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ዘዴ አለ። ሲ ሜጀር ላይ እንዳለን እናስብ፣ ኤፍ ሜጀር ይመጣና ወደ ሲ ከመመለሱ በፊት ኤፍ ማይነር ይሆናል። የምትለወጠው አንዲት ኖታ ናት፣ ኤ ወርዳ ኤ ፍላት ትሆናለች፣ ግን ፊት ላይ ጥላ እንደማለፍ ነው። የኛ ጆሮ ይሄን ያውቀዋል፣ ትዝታ ሜጀር ትዝታ ማይነር ሲሆን ከሚወርዱት ሁለት ኖታዎች አንዷ እኮ ይቺው ናት፣ ሌላዋ ኢ ናት። ለዛ ይሆናል ሳናስበው እጃችን የሚሄደው።

ስድስት ጊዜ ሲመጣ ግን ጥላ አይደለም፣ ዝናብ ነው። ዘፈን 3 እና 7 ላይ ብቻ አስቀረነው። ሌሎቹ ላይ ኤፍ ሜጀሩ እንዳለ ቆየ፣ ገረመኝ፣ ግጥሙ ይበልጥ ተሰማ።

እዚህ ጋ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ዘፈን 4፣ ግጥሙ ስለ ባዶ ክፍል ነው፣ ዜማው ይወርዳል፣ ኪቦርዱ ስትሪንግስ (የቫዮሊን ዓይነት ድምፅ)፣ እኔ ሪቨርብ (ማስተጋባት) የሞላው ጊታር። ድራመሩ እስከዛ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ "ሁላችሁም ካለቀሳችሁ ሶፍት ማን ያቀብላል?" አለ። ሳቅን ግን ከዛ በኋላ የሰራነው ሁሉ በዚህ ነው የተለካው። እያንዳንዱ ዘፈን ላይ አንድ ሰው ከለቅሶው ውጪ ይሁን። ዘፈን 4 ላይ ስትሪንግሱ ወጥቶ ጭብጨባና ከበሮ ገባ። የኪቦርዱን ድምፅ ከ1982ቱ ሮላንድ ጁኖ-60 ሲንተሳይዘር የሶፍትዌር ቅጂ ወሰድነው፣ የውስጥ ኮረሱ ሳይቀር፣ ሞቅ ያለ ነው ግን ትንሽ ይወዛወዛል፣ ያረጀ ፎቶ ዓይነት። ግጥሙ ላይ አንድ ቃል አልነካንም።

ሳምንት 7፣ ድምፅ

ቁም ሳጥን ውስጥ። ልብሱ እንዳለ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ፖፕ ፊልተሩ የሽቦ ማንጠልጠያ ላይ የተወጠረ ስቶኪንግ። ለድምፅ የወጣ ወጪ ዜሮ።

ዘግይታ ነበር የምትዘፍነው፣ ሁልጊዜ፣ ትንሽ። ደክሟታል ብዬ አሰብኩ። ሶስተኛው ቀን ላይ ባፈሩ (ላፕቶፑ ድምፅ ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመው የሳምፕል ብዛት) 1024 ላይ እንደሆነ አየሁ፣ ሚክስ ስሞክር ከፍ አድርጌው ረስቼዋለሁ። በ48 ኪሎኸርዝ 1024 ሳምፕል 21 ሚሊሰከንድ ነው፣ ያውም መግቢያው ብቻ፣ መውጫው ሲጨመር እጥፍ። የራሷን ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ እየሰማች እሱን ስትጠብቅ ነበር። 128 አደረግኩት፣ 2.7 ሚሊሰከንድ፣ ወዲያው ቢቱ ላይ ተቀመጠች። ሶስት ቀን ሙሉ "ትንሽ ቶሎ" እያልኩ አስመርሬያታለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ስትፈልግ ታነሳብኛለች።

ዘፈን 7ን እያለቀሰች ዘፈነችው። እውነተኛ ለቅሶ፣ ማይኩ ላይ ይሰማል። ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ዝም አልን፣ ይሄ ነው ተባለ። በነጋታው ሲሰማ ግን ያስጨንቃል፣ ሰው ሲያለቅስ በበር ቀዳዳ እንደማየት ነው። ድጋሚ ስትቀርፀው አዝማቹን ፈገግ ብለሽ ዝፈኚው አልናት፣ ፈገግታ ከንፈርን ወደ ጎን ስለሚስበው ድምፁ ይበራል። ሁለተኛው ቴክ ነው የገባው፣ ከመጀመሪያው ያስቀረነው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ያለውን።

ፒች ማስተካከያውን ግማሽ ዘፈን ላይ አብዝቼው ነበር። "ሂድ" የምትለዋን ቃል ከታች ተነስታ እየሳበች ነው የምትደርስባት፣ ሶፍትዌሩ ቀጥ አደረጋት፣ ቃሏ ሞተች። መለስኩት።

ሳምንት 8

ሃርድ ዲስኩ ሞተ።

ባክአፕ ነበረኝ፣ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለው፣ እሱም ላይ የዘፈን 6 ቤዝ የለም፣ ለምን እንደሌለ አላውቅም። የተቀረው ጊታርና ድምፅ ኪቦርዲስቱ ለመለማመድ ብሎ ኮፒ ያደረገው ተገኘ፣ እግዜር ይስጠው። መጠባበቂያው ገንዘብ ለሁለት አዲስ ዲስክ ሄደ፣ አሁን ሁለት ዲስክ ላይ አለ፣ ሌላ ኮፒ ኦንላይን፣ በየማታው። ይሄን በሳምንት 1 ማድረግ ሁለት ደቂቃ ነበር።

ቤዚስታው ባለበት ቦታ ሆኖ ዘፈን 6ን እንደገና ቀርፆ ላከ። ሴሽኑ ውስጥ ጣልኩት፣ ቤዙ እየሮጠ ይሄዳል፣ ቅኝቱም ከፍ ብሏል፣ የሰከረ ይመስላል። ደወልኩለት፣ ምን ሆነህ ነው አልኩት። እሱ 44.1 ላይ ነው የቀረፀው፣ የኔ ሴሽን 48 ነው፣ ሲገባ ኮንቨርት አድርግ የሚለውን ደግሞ አጥፍቼዋለሁ። 44.1 ፋይል በ48 ሲነበብ 9 ፐርሰንት ያህል ይፈጥናል፣ ወደ አንድ ተኩል ሰሚቶን ይወጣል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ አሰማሁት፣ እንደዛ ሲስቅ የሰማሁት ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ኮንቨርት አደረግነው፣ ልክ ገባ። የተፋጠነውን ግን አልደመሰስኩትም።

ሳምንት 9 እና 10፣ ሚክስ

ባጭሩ። ሁሉም ነገር ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ላይ ተከማችቶ ነበር፣ ኪቦርዱንና ጊታሩን እዛ ጋ ቀነስኩ፣ ለድምፁ ቦታ ተገኘ። ናሽቪሉን ጊታር ሰፊ ላድርገው ብዬ አንዱን ጎን በ15 ሚሊሰከንድ አዘግይቼ ነበር፣ በሄድፎን ግሩም ነው፣ አንዲት ስፒከር ብቻ ባላት ስልክ ላይ ግን ቆርቆሮ ሆነ፣ ሞኖ ሲሆን (ግራና ቀኙ ተደምሮ አንድ ሲሆን) ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ። አጠፋሁት፣ በምትኩ ያንኑ የጊታር ክፍል ሁለት ጊዜ ተጫውቼ ግራና ቀኝ አስቀመጥኩት። ከባድ አይደለም፣ ስንፍና ነው ወደ አቋራጩ የወሰደኝ።

ዘፈን 2ን አስራ አንድ ጊዜ ሚክስ አደረግኩት፣ የተመረጠው አራተኛው ነው።

ሳምንት 11፣ ማስተርና ካሴት

ከማስተሪንጉ አራት ድርሻ አንዱ ለድራም ሄዷል፣ ሁለቱ ለካሴት (ወደዛ እመጣለሁ)፣ በቀረው የሚሰራልን ሰው ስላልተገኘ ራሴ ሰራሁት። መጀመሪያ ሊሚተሩን (ጫፉን ጨፍልቆ ድምፁን የሚያስጮኸውን) እስከ -8 ላፍስ (የጩኸት መለኪያ፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይጮሃል) ገፋሁት፣ ጮኸ፣ ደስ አለኝ። ግን ስፖቲፋይን የመሳሰሉት መደበኛ ሴቲንጋቸው ላይ ወደ -14 አካባቢ መልሰው ያወርዱታል፣ ስለዚህ ጩኸቱ ይጠፋና የተጨፈለቀው ድራም ብቻ ይቀራል። -11 ላይ ተውኩት፣ ትሩ ፒኩ (የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ) -1። የዘፈን 4 ጭብጨባ መልሶ መተንፈስ ጀመረ።

ካሴቱ የድራመሩ ሀሳብ ነው። ኢንዲ ፖፕ ከካሴት ጋ ድሮም ዝምድና አለው፣ ኤንኤምኢ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ1986 ሲ86 ብሎ ያወጣት ባለ 22 ዘፈን ካሴት ስሟ ራሱ ለዛ ድምፅ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። እኛ 50 ፍሬ ነው የምናስቀዳው። አልበሙ 38 ደቂቃ፣ ካሴቱ በያንዳንዱ ገፅ 20 ደቂቃ። በያዝነው ቅደም ተከተል ገፅ ሀ 20:40 መጣ፣ 40 ሰከንድ ትርፍ። ዘፈን 5ን ወደ ገፅ ለ አዞርነው፣ ከዛ 7 አጠገብ ሲሆን ሁለት ለቅሶ ተከታተለ፣ ዘፈን 8ን መሀላቸው አስገባን። ይሄ ግማሽ ቀን ፈጀ፣ ድምፅ አወጣጥ ላይ እንኳን እንደዚህ አልተጨቃጨቅንም።

ፋይሎቹን ለመላክ የሁሉንም ዘፈን መጀመሪያ ቆርጬ አፀዳሁ። ዘፈን 10 ላይ የላይኛው የድራም ማይክ ውስጥ ያ ያናደደኝ ድምፅ አለ፣ ቤዚስታው "አንድ... ሁለት... ቆይ ቆይ" ብሎ፣ ወንበር ይንቋቋል፣ ይስቃል፣ ከዛ "ሁለት፣ ሶስት" ብሎ ይገባል። ቤዙ በቀጥታ ኬብል ነው የተቀረፀው፣ አልበሙ ውስጥ ሌላ ቦታ ድምፁ የለም። ቆርጬ ላክሁ።

ማታ ድራመሩ ደወለ። "የቆረጥካትን መልሳት" አለ። የትኛዋን አላልኩትም።

4 ሰከንድ ናት። ገፅ ለ ላይ ቦታ አለ። የላይኛውን ማይክ ብቻ አስቀርቼ ከኋላ ያለውን ሹክሹክታ ሳልነካ መለስኳት፣ ዘፈን 10 ከ3:58 ወደ 4:02 ሆነ። ሽፋኑ ላይ የተፃፈው ሰዓት 3:58 ነው፣ ታትሟል።